አንድ ስንዝር

እሑድ፣ ግንቦት 10 ቀን
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ

ለከሰሌ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናቸው። ቤቱም እንደተውከው አለ፤ የወጥ ቤቱ በር ብቻ ዝናብ ጠጥቶ አብጦ አልዘጋ ብሏል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትል። በስልክ ስናወራ አንተ «ደህና ነሽ?» ትላለህ፣ እኔ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ባይቆረጥም እኛ እንቆረጣለን። ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም። ደግሞ ታውቀኛለህ፣ እኔ ነገር የሚገባኝ ስጽፈው ነው።

በመልእክትህ የጠየቅከኝን አልረሳሁም። እዚያ ያሉት ሰዎች ውልህን ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ሊያድሱልህ እንደሚፈልጉ፣ አንተ ግን ያለ እኔ ፈቃድ እንደማትፈርም ጽፈሃል። «ለእኔ ቢሆን ነገውኑ በመጣሁ፤ የምፈራው ለልብሽ ነው» ብለሃል። ምን ልበለው እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። መልሱን እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ ግን ወሬውን ላውራህ፤ መልሱን ካስቀደምኩት ወሬው አይወጣልኝም።

ከእማማ ልጀምር። ሰሞኑን ሬዲዮ ላይ ስለ ላቦራቶሪያችን ተወርቶ ነበር። ጋዜጠኛዋ «በምንጠጣው ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታይ የፕላስቲክ ብናኝ አለ» ስትል እማማ ተነሥተው ሬዲዮኑን ዘጉት። «ዕድሜ ልኬን ላስቲክ ስጠጣ ከኖርኩማ ዝናብ ባላበሰበሰኝ ነበር!» አሉ። በማግስቱ ግን ብርጭቋቸውን ወደ መስኮቱ አንሥተው ሲያገላብጡት አገኘኋቸው። «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ያንን የልጄን ማግኔት አምጪና ዙሪያውን አዙሪልኝ» አሉኝ።

ማግኔት ብቻውን ፕላስቲክ እንደማይስብ አስረዳኋቸው። መጀመሪያ ያ ጥቁር የብረት ዱቄት ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ዱቄቱ የተቀባው ቅባት ፕላስቲኩ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ማግኔቱ ዱቄቱን ሲጎትት ፕላስቲኩም አብሮ ይወጣል። ጥቂት አሰቡና «ገባኝ። ላሟን ሲጎትቷት ጥጃዋ ትከተላለች ማለት ነው» አሉ። በአንተ ቦታ ለገባው ለረጅሙ ብነግረው የላቦራቶሪው ሰሌዳ ላይ ጻፈው። ከዚያ እማማ ድንገት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ውይ! ሰዓትሽን ረስቼ! አንቺማ ማግኔት አትነኪም» አሉ። ደረቴ ውስጥ ያለውን የልብ ምት ማስተካከያ እሳቸው እስከ ዛሬ ሰዓት ነው የሚሉት። አንዳንዴ ጠጋ ብለው «ስንት ይላል?» ብለው ይጠይቁኛል።

አሁን ወደ ሥራ። ወንበርህን ያወረስከው ረጅሙ አሁንም በር ሲገባ ያጎነብሳል፣ አሁንም ስብሰባ ላይ እግሩን የሚያደርግበት ያጣል። ግን አንበሳ ነው። አንተ ሳትፈታው የሄድከውን ቋጠሮ ፈታው። ዱቄቱ ፕላስቲኩን መያዙን ይይዘዋል፤ ችግሩ አልለቅም ማለቱ ነበር። ታጥቦ ተመልሶ ሥራ ላይ ካልዋለ ደግሞ ለየበርሜሉ አዲስ ዱቄት መሥራት ሊኖርብን ነው። ረጅሙ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ እያጠበ፣ ማግኔቱን እያቀረበ እያራቀ ሞክሮ ሞክሮ በመጨረሻ አስለቀቀው። ፕላስቲኩ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፣ ዱቄቱ ወደ ማግኔቱ ሄደ። «ለጋሼ ጻፊለት፣ ደስ ይለዋል» አለኝ፤ ይኸው ጻፍኩልህ። እሱ ስለ መያዝና ስለ መልቀቅ ሲያወራ እኔ ሌላ ሌላ ነገር አሰብኩ ብዬ ምሳሌ ልሠራብህ አይደለም። ዱቄት ዱቄት ነው።

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው የሚወጣው እጣቢ አሁን ወንዝ ከመግባቱ በፊት በእኛ ገንዳ ያልፋል። ገንዳው ከድሮ ቢሮህ አይበልጥም። ሠራተኞቹ «የከሰሉ ገንዳ» ይሉታል። እጅህ ከጥቁሩ ዱቄት ተላቆ ስለማያውቅ ያወጡልህ ስም እንዲህ ከአንተ ቀድሞ ፋብሪካ ገባልህ። ለምረቃው ሄደን ነበር፤ ዳይሬክተራችን እኔን ከገንዳው አርቀው፣ በሩ ጋ፣ ለብቻዬ ወንበር አስቀመጡልኝ። ትልልቆቹ ማግኔቶች ሲወርዱ ውሃው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ጥቁሩ ወደ ዳር ተሰበሰበና መሃሉ ጠራ። እኔ ያየሁት ከሩቅ ነው፤ የሰው ጀርባ ነበር የበዛብኝ። ግን የወጣውን ውሃ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ከመቶው ብናኝ ሁለት ወይ ሦስት ቢቀር ነው። ቆጠራው ላይ ማንም አይቀድመኝም፤ አንተስ ለዚህ አይደል ቆጣሪዬ ያልከኝ? «እንደ ውሃ ቆጣሪ ናት፣ ተኝተንም ትዞራለች» እያልክ ለሰው ሁሉ ስታወራ የተናደድኩ እመስል ነበር እንጂ ደስ ይለኝ ነበር።

ሌላው ወሬ የባዶው ናሙና ነው። ለቀባሪው አረዱት አትበለኝና፣ ከየናሙናው ጎን ሁሌ አንድ ብርጭቆ ምንም የሌለበት ንጹሕ ውሃ አጣርቼ እቆጥራለሁ። እሱ ላይ ብናኝ ከተገኘ ከወንዙ ሳይሆን ከእኛው ከራሳችን የመጣ ነው። በእኛ ላቦራቶሪ ደግሞ ባዶው ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር። ሁሌ ሰማያዊ ክር አይጠፋበትም።

ትዝ ይልሃል እንዴት እንደተሠቃየን? መጀመሪያ ባዶውን እንኳ ሳናስበው፣ ዱቄቱ ሰማያዊ ፕላስቲክ አይዝም ብለህ ቅባቱን ደጋግመህ ቀየርክ። ሰማያዊ ቀለም ብረትን ይገፋ ይሆናል የሚል ሐሳብ አምጥተህ ሁለት ገጽ ጻፍክበት። ከዚያ አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ስኳር ልታቀብለኝ እጅህን ስትዘረጋ ከነጩ ጋዋንህ እጅጌ ሥር ሹራብህ ብቅ አለ፤ እኔ የገዛሁልህ፣ ክሩ ፕላስቲክ የሆነ ሰማያዊ ሹራብ። አንዲት ክር ነቅዬ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባኋት። ራሷ ናት! የውሃውን ጠላት በክንድህ ለብሰህ ስትዞር የኖርከው አንተው ነህ። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። «እንግዲህ ጥጥ ልበስ» ስልህ «እጅሽ የገዛውን አላወልቅም፤ አንቺ ቀንሰሽ ቁጠሪ» አልከኝ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶው ላይ ያገኘሁትን ሰማያዊ ክር ከሌላው ላይ እየቀነስኩ ስቆጥር ኖርኩ።

አንተ ስትሄድ ክሩም ይሄዳል ብለው ነበር የላቦራቶሪው ሰዎች። አልሄደም። ሹራቡን «እዚያ አይፈቀድም» ብለህ ትተኸው ሄደሃል፤ እኔ ደግሞ ቤት ስገባ እሱን ነው የምለብሰው። እጅጌው ጣቴን አልፎ ይንጠለጠላል። ከእሱ ወደ ፀጉሬ፣ ከፀጉሬ ወደ ብርጭቆው። ረጅሙ ግራ ገባው። «እትዬ፣ ጋሼ ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይሄ ክር ከየት ነው የሚመጣብን?» አለኝ። መጋረጃውን አወረደ። የአየር መሳቢያውን ፈትቶ አጠበ። የጽዳቷን ሴትዮ ሳይቀር «ምን ለብሰሽ ነው የምትመጪው?» ብሎ አስቀየማት። እኔ ማይክሮስኮፔ ላይ አቀረቅራለሁ። ምን ልበለው?

ግን ሥራው ሥራ ነው፤ ውጤታችንን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት ሹራቡን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ቆለፍኩበት። ፀጉሬን ታጠብኩ፣ አንሶላውንም ቀየርኩ። ላቦራቶሪ ገብቼ ባዶውን ቆጠርኩ። ምንም የለም። የማጣሪያውን ወረቀት አዙሬ ደግሜ ቆጠርኩ፤ የለም። ረጅሙ ከጀርባዬ አጎንብሶ አየና «ባዶው ባዶ ሆነ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም አጨበጨቡ። አንዷ ኬክ ይምጣ አለች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ለቅቄ፣ ድምፄ እንዳይሰማ እያደረግኩ አለቀስኩ። ስንት ንጹሕ ውሃ ባከነ መሰለህ።

የላክኸው ፎቶ ደርሶናል። እማማ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈውታል፤ ለእኔ ሲሉ በማግኔት ሳይሆን በፕላስተር። ነጭ የጥጥ ሸሚዝ ለብሰሃል። አንገቱ ልክህ ነው፣ እጅጌውም ልክህ ነው። አንተ እኮ የአንገትህን ቁጥር የማታውቅ፣ ሱቅ ገብተህ «ለእኔ የሚሆን» ብለህ የምትቆም ሰው ነህ። ለላቦራቶሪ ጥጥ መሆን እንዳለበት አውቆ፣ በልክህ መርጦ የገዛልህ ሰው ሥራህንም አንተንም ያውቃል ማለት ነው። እጁ ይባረክ። ያምርብሃል።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና ያንን ቀን ላንሣው። እስከ ዛሬ ተነጋግረንበት አናውቅም።

ባትሪው ደረቴ ውስጥ ከገባ ብዙም አልቆየም ነበር። ከሆስፒታል ስወጣ የሰጡንን ወረቀት ያነበብከው አንተ ነህ። እኔ የሰው ሁሉ ውሃ ውስጥ ያለውን ካላነበብኩ የማላርፈው ሴት፣ ስለ ገዛ ልቤ ማንበብ ፈርቼ «አንብበህ ንገረኝ» አልኩህ። «ከማግኔት መራቅ አለብሽ» አልከኝ። ምን ያህል እንደሆነ አልነገርከኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ዳይሬክተሩም ይህንኑ ሰምተው የማግኔት ክፍሉ በር ላይ ቢጫ መስመር አስቀቡ። እኔ ከመስመሩ ወዲህ፣ አንተ ከመስመሩ ወዲያ። የተጣራውን ውሃ በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ታቀብለኛለህ፣ ቆጥሬ በመስኮቷ እነግርሃለሁ። «እስረኛ ልትጠይቂ መጣሽ?» እያሉ ይቀልዱብን ነበር።

ያን ቀን ቆጥሬ ቆጥሬ ቁጥሩ አነሰብኝ። ተሳሳትኩ ብዬ ደገምኩት፤ ያው ነው። መስኮቷን ደበደብኩ። «ከሰሌ! ጠራልህ! ምንም አልቀረው!» አልኩህ። መስመሩን ዘለህ መጥተህ አቀፍከኝ፤ ከመሬት ነው ያነሣኸኝ። ማግኔቱ የጋዋንህ ደረት ኪስ ውስጥ ነበር።

ልቤ ጋለበ። አንተን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ፊትህን ሳየው የታመምኩት እኔ ሳልሆን አንተ ትመስላለህ። ኪስህን ዳሰስክ፤ ማግኔቱን አውጥተህ በኮሪደሩ ስትወረውረው የእሳት ማጥፊያው ላይ ሄዶ ጧ ብሎ ተለጠፈ። እኔ እኮ ሳቄ መጥቶ ነበር። አላመመኝም ነበር። «አይዞህ፣ ስታቅፈኝ ልቤ እንደ ድሮው ዘለለ» ልልህ ነበር። አንተ ግን ሰው ልትጠራ ሮጠህ ሄደሃል።

ከዚያ ወዲህ አቅፈኸኝ አታውቅም። ጋዋንህን በር ላይ ትሰቅላለህ፣ እጅህን እስከ ክርንህ ትታጠባለህ፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ትተኛለህ። ለምን ስልህ «ለልብሽ ብዬ ነው» ትላለህ። ሻይ ሳቀብልህ ጠረጴዛው ላይ እስካስቀምጠው ትጠብቃለህ። ለልብሽ ብዬ ነው። ቀጥሎ ያ የውጭ ሥራ መጣ። «ማግኔት ከዚህ ቤት ይራቅ፤ እኔ ስርቅ አንቺ ትድኛለሽ» እያልክ ሻንጣህን ስትዘጋ አንጀቴን በላኸው። እንደ አንተ ለሚስቱ የሚሳሳ ባል የለም ብዬ አመንኩ። እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ በዚያ እምነት ነው የኖርኩት።

ማክሰኞ ለባትሪው ምርመራ ሄጄ ነበር። እስከ ዛሬ የምታየኝ ነርሷ ነበረች፤ ያን ቀን ግን ያ ባትሪውን ያስገባልኝ ዶክተር ራሱ ነው የጠበቀኝ፤ ሲያወራ እስክሪብቶ የሚያሽከረክረው። ሲጨርስ «በጣም ጥሩ ነው፣ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል» አለኝ። ጥያቄህ ሆዴ ውስጥ ነበርና አላስችል አለኝ።

«ዶክተር፣ ባለቤቴ የሚሠራው በማግኔት ነው። ወደ ቤት ቢመለስ እንዴት ነው የምንሆነው?»

«እንዴት ነው ምኑ?» አለኝ።

«ልቤ ነዋ። የሚሠራባቸው ማግኔቶች ኃይለኞች ናቸው።»

ጣቶቹን ወጥሮ ጠረጴዛው ላይ ለካልኝ። «አንድ ስንዝር። ማግኔቱ ከባትሪው አንድ ስንዝር ይራቅ፤ በጣም ጠንካራ ከሆነ ሁለት። ሥራ ቦታ ትተውት ይምጡ፣ እጃቸውን ታጥበው ይምጡ፣ በቃ። ሰውዬው ራሳቸው እኮ ማግኔት አይደሉም!» ብሎ ሳቀ።

«ያኔ ግን ልቤ ጋልቦ ነበር» አልኩት።

«እሱ መሣሪያው ነው። ማግኔት ሲጠጋው ልብዎን ማዳመጡን ያቆምና በራሱ ልክ፣ ፈጠን ብሎ ይመታል። ማግኔቱ ሲርቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያኔም ጉዳት አላደረሰብዎትም።»

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያዘንኩት በምን እንደሆነ ታውቃለህ? ያን ቀን በእቅፍህ ውስጥ የዘለለው ልቤ መስሎኝ ነበር። ባትሪው ኖሯል።

ከዚያ ዶክተሩ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ እንደ ቀላል ነገር ቀጠለ። «ይህን ሁሉ እኮ ለባለቤትዎ አስረድቻቸዋለሁ። ከመሄዳቸው በፊት ብቻቸውን መጥተው፣ እዚሁ እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጠው። ባትሪ አውጥቼ፣ ማግኔት አስጠግቼ አርቄ፣ በዓይናቸው አሳየኋቸው። እጄን ጨብጠው አመስግነውኝ ወጡ። አልነገሩዎትም?»

«ነግሮኛል» አልኩት።

ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። «ነግሮኛል፤ እንዲያው ከእርስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው።» ገበናህን ሸፈንኩልህ ከሰሌ። ቀሚሴን ቆልፌ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ ለነርሷም ደህና ዋይ ብያት ወጣሁ። አውቶቡስ መጣ፤ ሰው ሲሳፈር ቆሜ አየሁት፤ ሄደ። በእግሬ ነው ቤት የገባሁት። እማማ «ሰዓትሽ ስንት አለ?» ሲሉኝ «ደህና ነው፣ አልቆመም» አልኳቸው።

መቼ እንደመጣህ ዶክተሩን አልጠየቅኩትም። ፈራሁ። ሶፋው ላይ መተኛት ከመጀመርህ በፊት ይሁን በኋላ ማወቅ አልፈለግኩም። ግን የውጭውን ሥራ ስትቀበል ታውቅ ነበር። ሻንጣህን ስትዘጋ ታውቅ ነበር። በዚህ ሁለት ዓመት በየስልኩ «ልብሽ እንዴት ነው?» ስትለኝ ታውቅ ነበር። ዶክተሩ ስንዝር ነው ያለው፤ ባሕር ያደረግከው አንተ ነህ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ስመረምር ኖሬ የራሴን አላየሁትም።

ከፍቶኛል። በጣም ከፍቶኛል። «ሰልችተሽኛል» ብትለኝ አለቅስ ነበር፤ እማማ ጭን ላይ ተደፍቼ አለቅስና አንድ ቀን ይወጣልኝ ነበር። «ሌላ ሰው አለኝ» ብትለኝም እንደዚያው። ሰው ከሰው ይለያያል፣ በእኔ አልተጀመረም። አንተ ግን መሄድህን የእኔ ሕመም አደረግከው። ጠዋት ስለብስ ጠባሳውን በመስተዋት እያየሁ «ባሌን ያሳጣኸኝ አንተ ነህ» ስለው ኖርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የገዛ ልቤን ስረግም ኖርኩ። እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ደህና ነበር። ያንገበገበኝ ይህ ነው፤ ከመሄድህም በላይ ይህ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልህ። ውሉን ፈርም። የምትጠብቀው የእኔን ፈቃድ ከሆነ ፈቅጃለሁ። እመጣለሁ ብትልም ማንም በር አይዘጋብህም፤ ቤትህ ነው። ብቻ በልቤ አታሳብ። ብትቀርም ብትመጣም ምክንያትህን በስሙ ጥራው፤ ስሙ ምንም ቢሆን እችለዋለሁ። ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም ስለ አንተ ሲጠይቀኝ «ለልቤ ብሎ ነው የራቀው» እያልኩ አፌን ሞልቼ እመልስ ነበር፤ ሴቶቹ ሲቀኑብኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከእንግዲህ «ሄዷል» እላለሁ።

የከበደኝ ለእማማ ነው። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ እንደ ልማዳቸው «ልጄ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። የተለመደውን ልመልስ አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። እሳቸው ፊቴን አዩት። ስለ አንተ አንድም ቃል አልደገሙም። ጽዋቸውን አስቀምጠው እጄን ያዙና፣ እኔን ሳይሆን ጠረጴዛውን እያዩ፣ «አንቺ ግን አትሄጂም አይደል?» አሉኝ።

«የት እሄዳለሁ እማማ» አልኳቸው።

ያለህበት ይመችህ። ሥራህ ይቃናልህ፣ ጤና አይለይህ፣ የምትጠጣው ውሃ የጠራ ይሁን። እናትህ «ይባረክ በዪልኝ» ብለውኛል፤ አደራ አልበላምና ይኸው ጽፌዋለሁ።

ቆጣሪዋ